ሰንሰለቱ የፈቀደውን ያህል

መሐንዲሷ፦ ንጹሕ ውሃ ከየትም ይቀዳ፣ በረዶው የሚቀልጠው በዜሮ ዲግሪ ነው። ወደ ፕላስቲክ ስንመጣ ግን እንዲህ ያለ አንድ ቁጥር አናገኝም። ፌስታል የሚሠራበት ፖሊኢትሊን በ110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል፤ ጀሪካን የሚሠራበት ፖሊኢትሊን ደግሞ ከ130 እስከ 135 ይደርሳል። ሁለቱም ካርቦንና ሃይድሮጅን ብቻ ናቸው፤ ለአንድ ካርቦን ሁለት ሃይድሮጅን። ቀመራቸው አንድ ሆኖ ሳለ መቅለጫቸው የሚለያየው ለምንድን ነው? እኛ ፋብሪካ የምንውል ሰዎች ምክንያቱን የምንፈልገው ከማሽኑ ነው፤ ከሙቀቱ፣ ከግፊቱ፣ ከማቀዝቀዣው ፍጥነት። እርስዎ ግን ነገሩ ማሽን ጋ ሳይደርስ፣ ሰንሰለቱ ሲሠራ ያለቀ ነው ይላሉ።

መምህሩ፦ አለቀ አልልም፤ ወሰኑ ተሰምሯል ነው የምለው፤ ልዩነቱ ላይ እንደርሳለን። አስቀድመን ክሪስታል ምን እንደሚፈልግ እንይ። ክሪስታል ድግግሞሽ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ የተገኘው ነገር በተወሰነ ርቀት ሳይዛነፍ ደግሞ መገኘት አለበት። ጨው ከባሕር ውሃ ሲለይ ክሪስታሉ እሱን የማይመስለውን ወደ ፈሳሹ እየገፋ፣ የሚመስለውን ብቻ እየመረጠ ያድጋል፤ ከድፍርስ ፈሳሽ ንጹሕ ጠጣር የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። የፖሊመር ክሪስታል ግን እንዲህ ያለ ነጻ ምርጫ የለውም። ሰንሰለቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ካርቦኖች በጠንካራ ኬሚካዊ ትስስር የተያያዙበት አንድ ሞለኪውል ነው። መሐሉ ላይ ቅርንጫፍ ቢበቅል፣ ባዕድ አባል ቢገባ፣ ወይም አንዱ አባል ፊቱን ወደ ሌላ ጎን ቢያዞር፣ ያንን እንከን ነጥሎ ማውጣት አይቻልም። ክሪስታሉ ወይ እንከኑን ችሎ ያስገባዋል፣ ወይ እዚያ ላይ እድገቱን ያቆማል። ስለዚህ ፕላስቲክን ከጨውና ከውሃ የሚለየው ዋናው ነገር ባዕዱና ቤተኛው በአንድ ሰንሰለት ታስረው መኖራቸው ነው፤ የምከራከርበትም ነጥብ ይኸው ነው። የአንድ ፕላስቲክ መቅለጥና መጠንከር ከምን እንደተሠራ ከመጠየቅ ይልቅ ሰንሰለቱ ምን ያህል ሥርዓት እንደጠበቀና ምን ያህል እንደሚተጣጠፍ በመጠየቅ ይበልጥ ይታወቃል።

አንቺ ያነሳሻቸው ሁለቱ ፖሊኢትሊኖች አወላለዳቸው ይህን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1933 በእንግሊዙ አይ.ሲ.አይ. ኩባንያ ኤሪክ ፎሴትና ሬጂናልድ ጊብሰን የኢትሊን ጋዝን ከቤንዛልዲሃይድ ጋር በከፍተኛ ግፊት ሲያምቁ ሰም የሚመስል ነጭ ነገር አገኙ። በዚህ መንገድ የሚያድግ ሰንሰለት ጫፉ ላይ ጥንድ ያጣ ኤሌክትሮን ተሸክሞ ነው የሚሄደው። ያ ጫፍ እረፍት የለውም፤ አልፎ አልፎ ወደ ኋላ ታጥፎ ከራሱ ሰንሰለት አምስተኛው ካርቦን ላይ ሃይድሮጅን ይነጥቃል። እድገቱ ከተነጠቀው ካርቦን ይቀጥላል፤ የቀድሞው ጫፍም አራት ካርቦን ያላት አጭር ቅርንጫፍ ሆኖ ይቀራል። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1953፣ ካርል ዚግለር በጀርመን ሙልሃይም ከተማ ያንኑ ጋዝ ካታሊስት በሆኑ የአሉሚኒየምና የታይታኒየም ውሁዶች አማካይነት በዝቅተኛ ግፊት አያያዘው። እዚህ እያንዳንዱ አዲስ አባል የሚገባው ብረቱ በያዘው ቦታ ላይ ነው፤ ወደ ኋላ የሚታጠፍ ልቅ ጫፍ የለም፤ ሰንሰለቱም ቀጥ ብሎ ይወጣል። የመጀመሪያው ዓይነት በ1000 ካርቦን ከ15 እስከ 30 አጫጭር ቅርንጫፎች ሲኖሩት የሁለተኛው እጅግ ጥቂት ናቸው። ቀጥ ቀጥ ያለ ሸንበቆ አንድ ላይ ሲታሰር ክፍተት አይተውም፤ ቅርንጫፉ ያልተመለመለ እንጨት ግን የቱንም ያህል ቢጠብቅ በመሐሉ ባዶ ቦታ ይቀራል። የሁለቱ እፍግታም ይህንኑ ይናገራል፤ የፌስታሉ በሴንቲሜትር ኩብ 0.92 ግራም ገደማ፣ የጀሪካኑ 0.96 ገደማ ነው። በመጀመሪያው ውስጥ ክሪስታል የሆነው ክፍል ወደ ግማሽ ይጠጋል፤ በሁለተኛው ከ60 እስከ 80 በመቶ ይደርሳል።

መሐንዲሷ፦ ስለ እፍግታው አሳምነውኛል፤ ስለ መቅለጫው ግን ገና ነኝ። ከ1000 ካርቦን 20 ቅርንጫፍ ማለት ከመቶ ሁለት ነው። ቅርንጫፎቹ ከክሪስታሉ ውጪ ከቀሩ ደግሞ ውስጥ የገባው ክፍል ቀጥ ያለና ንጹሕ ነው። እንዲያ ከሆነ የፌስታሉ ክሪስታል መጠኑ ያንስ እንደሆነ እንጂ እንደ ጀሪካኑ በ130 መቅለጥ ነበረበት። ማነሱ ገብቶኛል፤ መድከሙ ከየት መጣ?

መምህሩ፦ የነገሩን ሥር ነካሽው። መልሱ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው፤ ለእኔ በፖሊመር ሳይንስ ውስጥ እንደዚህ በጥቂት እርምጃ ሩቅ የሚያደርስ ማስረጃ ብዙ የለም። በብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ የነበረው አንድሩ ኬለር ቀጥ ያለውን ፖሊኢትሊን በሙቅ ማሟሚያ አሟሙቶ ሲያቀዘቅዘው ውፍረታቸው ወደ 10 ናኖሜትር የሚጠጋ ስስ ንጣፎች ሆኖ ዘቀጠ። በኤሌክትሮን ጨረር ሲመረምራቸው ሰንሰለቶቹ በንጣፉ ላይ የተጋደሙ ሳይሆኑ በውፍረቱ አቅጣጫ የቆሙ ሆነው ተገኙ። እስቲ አስይው። የሞለኪውል ክብደቱ 100,000 የሆነ ሰንሰለት ወደ 7,000 የሚጠጉ ካርቦኖች አሉት፤ ተዘርግቶ ሲለካ ወደ 900 ናኖሜትር ይረዝማል። 900 ናኖሜትር የሚረዝም ነገር ውፍረቱ 10 ናኖሜትር በሆነ ንጣፍ ውስጥ ቀጥ ብሎ ሊቆም የሚችለው እየታጠፈ፣ እየወጣ፣ ተመልሶ እየገባ ብቻ ነው። ይህ ግምት ሳይሆን ከሁለት ልኬቶች በግድ የሚወጣ ድምዳሜ ነው። እያንዳንዱ ሰንሰለት ወዲያው ተመልሶ በአጠገቡ ይገባል ወይስ ርቆ ሄዶ ሌላ ቦታ ይገባል በሚለው ላይ ፖል ፍሎሪን ጨምሮ ታላላቅ ሰዎች ለብዙ ዓመት ተከራክረዋል፤ የመታጠፉን ነገር ግን ክርክሩ አልነካውም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ እንመለስ። በንጣፉ ላይና ታች ያሉት እጥፋቶች በሥርዓት የተያዙ አይደሉም፤ ክሪስታሉ ጉልበት የሚከስርባቸው ቦታዎች ናቸው። ንጣፉ ስስ በሆነ ቁጥር ከውስጡ ይልቅ ገጹ ይበዛል፤ ገጹ በበዛ ቁጥር በዝቅተኛ ሙቀት ይፈርሳል። ዳር የሌለው ፍጹም የፖሊኢትሊን ክሪስታል ቢገኝ መቅለጫው ከ140 ዲግሪ በላይ እንደሚሆን ይሰላል፤ 10 ናኖሜትር የሚወፍረው ግን በ115 አካባቢ፣ ከ20 እስከ 30 ናኖሜትር የሚሆነው ደግሞ በ130 አካባቢ ይቀልጣል። አንቺ ከመቶ ሁለት ያልሽው ቅርንጫፍ ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። በ1000 ካርቦን 20 ቅርንጫፍ ካለ በሁለት ቅርንጫፎች መካከል በአማካይ 50 ካርቦን አለ፤ ርዝመቱ ወደ 6 ናኖሜትር ነው። ቅርንጫፉ ንጣፉ ውስጥ ስለማይገባ የንጣፉ ውፍረት በሁለት ቅርንጫፎች መካከል ካለው ርቀት ብዙም ሊያልፍ አይችልም። በብዛት ሲታይ ኢምንት የሆነው እንከን ርዝመትን ስለሚቆርጥ ብርቱ ሆነ። ከዚህም ሌላ ቅርንጫፎቹ የሚበቅሉት በአጋጣሚ ስለሆነ አንዱ ክፍተት ረዥም፣ ሌላው አጭር ይሆናል፤ ወፍራሙም ስሱም ንጣፍ አብረው ይኖራሉ። ፌስታል በአንድ ዲግሪ ላይ ድንገት የማይቀልጠው፣ ከ110 በታች ገና ብዙ ሲቀረው መላላት ጀምሮ ቀስ በቀስ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። የከረጢት አፍ በሙቀት የሚያሽግ ማሽን የሚፈልገውም ይህንኑ ስፋት ነው። ስለዚህ ቅርንጫፍ እንከን ብቻ ነው የሚል ሰው ተሳስቷል። ዛሬ ቀጥ ያለውን ሰንሰለት በሚሠራው ካታሊስት ሲጠቀሙ ከኢትሊኑ ጋር ቡቲን፣ ሄክሲን ወይም ኦክቲን አስበው ይጨምራሉ፤ የሚፈልጉትን ያህል ቅርንጫፍ፣ የሚፈልጉትን መቅለጫ ለማግኘት።

ቅርንጫፉን እንተወውና ቀመሩም ትስስሩም ምንም ያልተነካበትን ጉዳይ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1954 ጁሊዮ ናታ ሚላን ላይ በዚግለር ካታሊስት ፕሮፒሊንን አያያዘ። በፖሊፕሮፒሊን ሰንሰለት ላይ በየሁለት ካርቦኑ አንድ የሜቲል ቡድን ተንጠልጥሎ አለ። ሜቲሎቹ ሁሉ በአንድ ጎን ሲሰለፉ ሰንሰለቱ በሦስት በሦስት አባል አንድ ዙር እየተጠማዘዘ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ይቆማል፣ በጥብቅ ይደራጃል፣ በ165 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ የማዳበሪያ ጆንያ የሚሸመነው ከዚህ ነው። ሜቲሎቹ ቀኝና ግራ ያለ ሥርዓት ሲበተኑ ግን ያው ፖሊፕሮፒሊን ክሪስታል የማይሠራ፣ እጅ ላይ የሚያጣብቅ ለስላሳ ነገር ይሆናል። የአቶሞቹ ዓይነት አንድ፣ ቁጥራቸው አንድ፣ ማን ከማን ጋር እንደተያያዘም አንድ ነው፤ የተለወጠው የሜቲሉ ፊት ብቻ ነው። ለዚህ ሥራ ዚግለርና ናታ በ1963 የኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል። የኢትሊንንና የፕሮፒሊንን አባላት በአንድ ሰንሰለት ላይ ያለ ተራ ብትቀላቅያቸው ደግሞ ለየብቻቸው ክሪስታል የሚሠሩት ሁለቱ ተባብረው ላስቲክ ይሰጡሻል።

መሐንዲሷ፦ ሥርዓት ክሪስታል መኖር አለመኖሩን ይወስናል እንበል። ምን ያህል ሙቀት እንደሚችል ግን የሚወስነው በሰንሰለቶቹ መካከል ያለው መሳሳብ አይደለም? ናይለን 6,6 በ265 ዲግሪ ገደማ የሚቀልጠው አጎራባች ሰንሰለቶቹ በሃይድሮጅን ትስስር ስለሚያያዙ ነው ብለን ተምረናል። ፖሊኢትሊን ያ ስለሌለው በ135 ይቀልጣል። ይህ ከሰንሰለት ቅርጽ ይልቅ የጎረቤት ጉዳይ ነው።

መምህሩ፦ የተማርሽው ግማሹ እውነት ነው፤ ሌላው ግማሽ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። መሳሳብ ብቻውን ቢወስን ኖሮ ቴፍሎን ከሁሉ ቀድሞ መቅለጥ ነበረበት። ምግብ ቴፍሎን በተቀባ መጥበሻ ላይ የማይጣበቀው ሰንሰለቶቹ ሌላውን ነገርም እርስ በርሳቸውም እጅግ በደካማው ስለሚስቡ ነው፤ ሆኖም በ327 ዲግሪ ነው የሚቀልጠው። የፖሊስተርንም ታሪክ ተመልከቺ። ዋላስ ካሮዘርስ በዱፖንት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1930 ገደማ የሠራቸው ፖሊስተሮች ከፖሊኢትሊን የበለጠ የሚሳሳቡ ቡድኖች ነበሯቸው፤ ግን ከ100 ዲግሪ በታች ቀለጡበትና ለልብስ ክር አይሆኑም ተባሉ። በ1941 እንግሊዛውያኑ ጆን ዊንፊልድና ጄምስ ዲክሰን በሚተጣጠፈው አሲድ ፈንታ የቤንዜን ቀለበት ያለውን ቴሬፍታሊክ አሲድ ተኩበት፤ መቅለጫው ወደ 260 ወጣ። ይህ ፒኢቲ ነው፤ ዛሬ ልብሱም ሃይላንድ የምንለው የውሃ ጠርሙስም የሚሠራበት። የተሳሳቢው ቡድን ዓይነት አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሰንሰለቱ መገተሩ ነው።

ምክንያቱን ለማግኘት መቅለጥን እንደ ሂሳብ ማየት ይበቃል። ክሪስታል የሚቀልጠው ለመፍረስ የሚያስፈልገው ጉልበት በመፍረስ ከሚገኘው ነጻነት ጋር ሲመጣጠን ነው፤ የመቅለጫው ሙቀት ጉልበቱ ለነጻነቱ ተካፍሎ የሚገኝ ውጤት ነው። ነጻነት ስል ሰንሰለቱ ከቀለጠ በኋላ ሊይዛቸው የሚችላቸውን ቅርጾች ብዛት ማለቴ ነው፤ ፊዚክሱ ኢንትሮፒ ይለዋል። አንድ ግራም ፍጹም የፖሊኢትሊን ክሪስታል ለማቅለጥ ወደ 290 ጁል ያስፈልጋል፤ ለፒኢቲ 140 ጁል ገደማ ይበቃል። በጉልበት ብቻ ቢሆን ፒኢቲ ቀላሉ ነበር። ግን የፒኢቲ ሰንሰለት ቀልጦም ቀለበቱ እንደተገተረ ነው፤ በግራም የሚያገኘው ነጻነት ፖሊኢትሊን ከሚያገኘው ከሲሶ ብዙም አይበልጥም። ማካፈያው ስላነሰ ውጤቱ ከፍ አለ። ቴፍሎንም እንዲሁ፤ ፍሎሪኖቹ ግዙፎች ስለሆኑ ሰንሰለቱን ጠምዝዘው አገትረውታል፤ ቢቀልጥም የሚያተርፈው ጥቂት ነው። በናይለን የሃይድሮጅን ትስስሩ ድርሻ አለው፤ አልክድም። ነገር ግን ሰዎች መሳሳቡን ብቻ ሲቆጥሩ የሂሳቡን አካፋይ ረስተው ተካፋዩን ብቻ እያዩ ነው።

መሐንዲሷ፦ እንግዲያው ስለ ሥርዓት የተናገሩትን የሚያፈርስ አንድ ምሳሌ ላምጣ። ፖሊቪኒል አልኮል ላይ የኦክስጅንና ሃይድሮጅን ቡድኖቹ ቀኝና ግራ ያለ ተራ ተበትነዋል፤ እንደ እርስዎ አባባል እንደዚያ የሚያጣብቅ ፖሊፕሮፒሊን ሊሆን ይገባዋል። እሱ ግን ጥሩ ክሪስታል ይሠራል፤ ጃፓኖች ክር አውጥተውበታል።

መምህሩ፦ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ንግግሬን እንዳጠራው ያስገድደኛል። ሥርዓት ስል ወረቀት ላይ የተሳለውን ቅርጽ ማለቴ ከሆነ ተረትቻለሁ። ዳኛው ግን ወረቀቱ አይደለም፤ ክሪስታሉ ነው። የኦክስጅንና ሃይድሮጅኑ ቡድን ትንሽ ስለሆነ በሃይድሮጅን ቦታ ተተክቶ ሲገባ ክሪስታሉ ብዙም አይናጋም። የፖሊስታይሪን ቀለበት ግን ግዙፍ ነው፤ ያለ ሥርዓት የሚያስገባው ክሪስታል የለም። ለዚህ ነው ተራው ፖሊስታይሪን የቱንም ያህል ቀስ ብሎ ቢቀዘቅዝ እንደ መስታወት ጥርት ብሎ የሚቀረው፤ ከ100 ዲግሪ በላይ ይላላል እንጂ መቅለጫ የሚባል የለውም። ቀለበቶቹን ቀኝና ግራ በተራ እያፈራረቁ ማሰለፍ የቻለው ግን በ270 ዲግሪ የሚቀልጥ ፖሊስታይሪን አገኘ። እንግዲህ ጥያቄው እንከን አለ ወይ ሳይሆን ክሪስታሉ ያንን እንከን ይችለዋል ወይ ነው።

መሐንዲሷ፦ የቀረኝ ተቃውሞ በየቀኑ ከማየው ሥራ የሚነሳ ነው። አንድ ከረጢት የፒኢቲ ፍሬ ወስጄ ቀልጦ ቅርጽ ከያዘ በኋላ ቶሎ ባቀዘቅዘው እንደ መስታወት የጠራ ይሆናል፤ ቀስ ብዬ ባቀዘቅዘው ነጭና ድፍን ይሆናል። ሰንሰለቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የእኔ ማቀዝቀዣ ነው። ከዚህም የሚብስ አለ። የሞለኪውል ክብደቱ ሚሊዮኖች የሚደርሰው ቀጥ ያለ ፖሊኢትሊን ተራ በሆነ መንገድ ሲሠራ ረዣዥም ሰንሰለቶቹ ስለሚተበተቡ ክሪስታሉ ከግማሽ ብዙም አይበልጥም፤ ያንኑ በማሟሚያ አላልተው አጥብቀው ሲጎትቱት ግን ክሪስታሉ ከ85 በመቶ በላይ ሆኖ ጥይት የሚያስቆም ጨርቅ የሚሸመንበት ክር ይወጣዋል። ታዲያ ፋብሪካው ሁሉን ሲያደርግ እያየን ሰንሰለቱን ማመስገን ፍትሕ ነው?

መምህሩ፦ ወሰን ያልኩት አሁን ይገለጣል። ፒኢቲውን ያጠራሽው ማቀዝቀዣሽ ነው፤ እውነት ነው። በዚያው ማቀዝቀዣ ጀሪካን የሚሠራበትን ፖሊኢትሊን አጥሪልኝ ብልሽ ግን አትችይም፤ ሰንሰለቱ ቀላልና እንደልቡ የሚተጣጠፍ ስለሆነ ከቅጽበት ባነሰ ጊዜ ተደራጅቶ ይጨርሳል። ፖሊስታይሪኑን ደግሞ በትዕግሥት አቀዝቅዘሽ አንጪልኝ ብልሽ ዘመን ቢሰጥሽም አይሆንም። ፒኢቲ በሁለቱ መካከል ነው፤ ሥርዓት ስላለው ይደራጃል፣ ገታራ ስለሆነ ይዘገያል። በዚያ መዘግየት ውስጥ ነው ማሽንሽ የሚሠራው። ጠርሙሱን ስትነፊ ሰንሰለቶቹ ተስበው ይሰለፋሉ፤ የሚፈጠሩት ክሪስታሎች እጅግ ጥቃቅን ስለሆኑ ብርሃን አይበትኑም፤ ጥራትንም ጥንካሬንም አንድ ላይ የምታገኚው ከዚያ ነው። ስለ ክሩም የምለው ይኸው ነው። ጎትተሽ ያንን የምታወጪው ቅርንጫፍ ከሌለው ሰንሰለት ነው፤ ፌስታል የሚሠራበትን እንደፈለግሽ ጎትቺው፣ እዚያ አይደርስም። አንድ ነገር ግን ልቀበልሽ። የአንድ ናሙና ንጣፍ በወሰኑ ውስጥ ምን ያህል እንደሚወፍር የሚመርጠው አቀዘቃዘዙ ነው፤ ስለዚህ ሠንጠረዥ ላይ የሚጻፈው መቅለጫ የሰንሰለቱን ወሰንና የናሙናውን ታሪክ አንድ ላይ የያዘ ቁጥር ነው። ታሪኩን ሳይጠይቅ ቁጥሩን ብቻ የሚያነብ ሰው ይሳሳታል፤ በዚህ ከአንቺ ጋር ነኝ።

መሐንዲሷ፦ ይህ እንግዲህ መልሶ መጠቀም ላይ ሲደርስ ያስጨንቃል። ቆራሌው የሰበሰበው ሃይላንድ ተፈጭቶ ውሃ ውስጥ ሲገባ ከፖሊኢትሊን ወይም ከፖሊፕሮፒሊን የተሠራው ክዳን ይንሳፈፋል፣ ፒኢቲው ይሰምጣል፤ መለየቱ ቀላል ነው። የሚያስቸግረው ከዚያ በኋላ ነው። ጥቂት እርጥበት ይዞ በቀለጠ ቁጥር ሰንሰለቱ ይቆረጣል፤ ያጠረው ሰንሰለት ቶሎ ይደራጃል፤ አዲሱ ጠርሙስ ገና ሳይነፋ ይደፈርሳል።

መምህሩ፦ ያን የመዘግየት ጊዜ ያጣሽው ሰንሰለቱ ስላጠረ ነው፤ መፍትሔውም እሱን ማስረዘም ነው፤ መንገዱም አለ። ፍሬው መጀመሪያ ክሪስታል እንዲሠራ ይደረጋል፣ አለበለዚያ ሲሞቅ ይጣበቃል። ከዚያ ሳይቀልጥ፣ ከ200 እስከ 220 ዲግሪ ላይ፣ አየሩ ተመጥጦለት ወይም ናይትሮጅን እየነፈሰበት ለሰዓታት ይቆያል። ክሪስታሉ የተቆረጡትን የሰንሰለት ጫፎች ስለማያስገባ ወዳልተደራጀው ክፍል ይገፋቸዋል፤ እዚያ ተጠጋግተው ይገናኛሉ፣ ይያያዛሉ፣ ሰንሰለቱ ይረዝማል። መጀመሪያ ላይ ክሪስታል እንከኑን ነጥሎ ማስወገድ አይችልም ብዬ ነበር፤ ሊያስወግደው ባይችልም ሊሰበስበው ግን ይችላል፤ ጥገናው የሚሠራውም በዚህ ነው።

መሐንዲሷ፦ ሙቀቱ ከፍ ባለ ቁጥር ጥገናው ይፈጥናል፤ ከመቅለጫው ግን ማለፍ አልችልም። የጠርሙስ ሠሪዎች ደግሞ ጥራቱ እንዳይበላሽ ብለው ጥቂት በመቶ አይሶፍታሊክ አሲድ ሰንሰለቱ ውስጥ ይጨምራሉ፤ መቅለጫው ከ260 ወደ 250ና ከዚያም በታች ይወርድብኛል።

መምህሩ፦ የሚጨምሩት መደራጀቱን ለማዘግየት ነው፤ ለመጀመሪያው ጠርሙስ ትክክል ነው። ግን ያ ባዕድ አባል ከሰንሰለቱ አይወጣም፤ ጠርሙሱ ተፈጭቶ ተመልሶ ሲመጣም አብሮ ይመጣል። ስለዚህ ከመቶ ስንት ይጨመር የሚለውን ጥያቄ የሚመልሰው ጠርሙስ ነፊው ብቻ መሆን የለበትም፤ ያንኑ ጠርሙስ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ የምትቀበይው አንቺም ቁጥሩ ሲወሰን መጠየቅ አለብሽ።